ስለ ነፍስ፥ ስለ መንፈስና ስለ ሥጋ አንድነት
በቤተ ክርስቲያን የ50ኛ ዓመት በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በእስራኤል ዘንድ 50ኛው ዓመት የተቀደሰ ዓመት ነበር። ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በባርነት የተያዘው ነፃ ይወጣል፤ ስለ ድኽነቱ ርስቱን የሸጠውም ወደ አባቶቹ ርስት ይመለሳል። የዓመቱም ስም ኢዮቤልዩ ይባላል። ዛሬ ይህች ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር፥ ከበዓሉ ደስታ ጋራ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ይኸውም፥ ሰው በመጨረሻው ቀን ወደ ርስቱ ሲመለስ የሚመለሰው ምኑ ነው? ነፍሱ ብቻ ናትን፥ ወይስ ሥጋውም ጭምር? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ አይምሰል፤ በየለቅሶው ቤት የሚነሣ ነው። አንዱ ሊያጽናና ብሎ፥ «ሥጋስ አፈር ነው፤ ዋናው ነፍስ ናት» ይላል። ሌላው ደግሞ በልቡ፥ «ትንፋሽ ከቆመ ወዲያ ምን ይተርፋል?» ይላል። የኋለኛው ቃል ክሕደት መሆኑን ምእመን ሁሉ ያውቃል። የፊተኛው ግን እምነት መስሎ ስለሚሰማ የሚመረምረው የለም። ነገር ግን እርሱም ጐደሎ ነው፤ ሰውን ከሁለት ከፍሎ አንዱን ክፍል ይጥላልና። የክርስትና ሃይማኖት የሚያስተምረው፥ ሰው ነፍስ ብቻ እንዳይደለ፥ ሥጋም ብቻ እንዳይደለ፥ ከሁለቱ የሆነ አንድ ሰው መሆኑን ነው።

አስቀድሞ የስሙን ትርጓሜ መመልከት ይገባል። በግዕዝ ነፋስ፥ ነፍስ፥ መንፈስ የሚባሉት ሦስቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሥሩም ነፈሰ ነው። በዕብራይስጥም ሩዋሕ የሚለው ቃል ነፋስም መንፈስም ተብሎ ይተረጐማል። የዚህ ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ሰው የማይታየውን ነገር በሚያውቀው ነገር ስለሚሰይመው ነው። ነፋስ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ዛፉ ሲወዛወዝ መኖሩ ይታወቃል። ነፍስም አትታይም፤ ነገር ግን በሥጋ በምትሠራው ሥራ ትታወቃለች።

የአማርኛም አነጋገር ይህን ምስጢር ጠብቆ ይዞታል። ልጅ በማሕፀኗ የያዘች ሴት ነፍሰ ጡር ትባላለች። ልጁም አድጎ ክፉንና በጎን በለየ ጊዜ ነፍስ ዐወቀ ይባላል። ኀጢአቱን የሚናዝዝለት ካህን የነፍስ አባቱ ይባላል። በሞተም ጊዜ ስሙን የሚያነሣ ሁሉ ነፍሱን ይማር ይላል። በእነዚህ በአራቱ ቃላት ነፍስ ከማሕፀን እስከ መቃብር ማዶ ተነግራለች፤ በመጀመሪያው ሕይወት፥ በሁለተኛው ዕውቀትና ምርጫ፥ በሦስተኛው ንስሓ፥ በአራተኛው ከሞት በኋላ መኖር ይታያልና።

ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ስለ ሰው አፈጣጠር ሲናገር፥ እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር እንዳበጀው፥ የሕይወትንም እስትንፋስ እፍ እንዳለበት፥ ሰውም በዚህ ሕያው እንደ ሆነ ይገልጣል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ሥጋ የእግዚአብሔር የእጁ ሥራ ስለ ሆነ በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። ሁለተኛ፥ ነፍስ ከአፈር ያልተገኘች ስለ ሆነች ሥጋ ሲፈርስ አብራ አትፈርስም። ሦስተኛ፥ ነፍስ ፍጥረት ናት እንጂ ከመለኮት ባሕርይ ተቈርሳ የመጣች አይደለችም፤ ከመለኮት የተቈረሰች ብትሆን ኖሮ ስሕተት ባላገኛት፥ ፍርድም ባልደረሰባት ነበር።

አፍላጦን የተባለው የግሪክ ፈላስፋ ሥጋን እንደ ወኅኒ፥ ነፍስን እንደ እስረኛ አድርጎ አስተምሯል። ከእስክንድርያ መምህራን አንዱ የሆነው አርጌንስም፥ ነፍሳት ሥጋ ሳይፈጠርላቸው አስቀድመው ነበሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አልተቀበለችውም። ምነው ቢሉ፥ ነፍስ ወደ ሥጋ የገባችው ስለ ቅጣት ቢሆን ኖሮ፥ መወለድ መፈረድ በሆነ፥ ትንሣኤም ወደ ወኅኒ መመለስ በሆነ ነበርና። እናት በልጇ ልደት እልል ማለቷ፥ ቤተ ክርስቲያንም በፋሲካ እልል ማለቷ፥ ሁለቱም ከንቱ በሆነ ነበር።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፤ እነርሱም መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስ፥ እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ እነርሱም ለባዊነት፥ ነባቢነት፥ ሕያውነት ናቸው። አራቱ የሥጋ ባሕርያት የዛሬ ዘመን የተፈጥሮ ዕውቀት ከሚቈጥራቸው ንጥረ ነገሮች ጋራ አንድ አይደሉም፤ የትምህርቱ ቁም ነገር ግን ሥጋ ከዚህ ከሚታየው ዓለም የተገኘ ስለ መሆኑ ነው። ነፍስ በለባዊነቷ ታስባለች፤ በነባቢነቷ ትናገራለች፤ በሕያውነቷ ለሥጋ ሕይወት ትሆናለች። እንዲህም ስትሆን አንዲት ነፍስ ናት እንጂ ሦስት ነፍሳት አትባልም። ስለዚህ በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትምህርት፥ የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት ለማስረዳት ነፍስ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። ምሳሌ ዘለል ያጣልና ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም፤ ነገር ግን ያልተማረው ገበሬ እንኳ በውስጡ ይህን የሚያህል ምሥጢር ተሸክሞ እንደሚሄድ ያሳያል።

መንፈስስ ምንድር ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በ5ኛው ምዕራፍ፥ መንፈስንና ነፍስን ሥጋንም ለየብቻ ጠርቷል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ሰው የሦስት ነገሮች አንድነት ነው አሉ። ከአባቶች ብዙዎቹ ግን፥ መንፈስ ከነፍስ ሌላ ሦስተኛ ባሕርይ ሳይሆን፥ ነፍስ እግዚአብሔርን የምታውቅበት፥ የምትጸልይበትና የምትሰግድበት የላይኛው ኀይሏ ነው አሉ። ይህም የቤትን መስኮት ይመስላል፤ መስኮት ሌላ ቤት አይደለም፤ ብርሃን ወደ ቤቱ የሚገባው ግን በርሱ ነው። መስኮቱን የዘጋ ሰው ቤቱ አይፈርስበትም፤ ነገር ግን በጨለማ ይኖራል። ደግሞም የሰው መንፈስ ፍጡር ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ፈጣሪ ነው። ከዚያ ከሰው መንፈስ ጋራ ሆኖ ሰው የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን የሚመሰክር እርሱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም።

እንዲህ ያለው ትምህርት የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስል፥ በአራተኛው መቶ ዓመት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በሶርያ የሎዶቅያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አቡሊናርዮስ የተማረ ሰው ነበር፤ የአርዮስንም ክሕደት ተቃውሟል። ነገር ግን የክርስቶስን አምላክነት አከብራለሁ ሲል፥ ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ የሰውን ልብ አልነሣም፤ በለባዊት ነፍስ ፈንታ መለኮት ተተክቷል ብሎ አስተማረ። የሰው ልብ ወደ ኀጢአት ያዘነብላልና ለጌታ አይገባውም ብሎ ነው። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ለቀሌዶንዮስ በጻፈው መልእክት መልስ ሰጠ። የመልሱም ፍሬ ነገር፥ ጌታ ያልነሣው ነገር ሳይፈወስ ይቀራል የሚል ነው። በእውነትም አዳም የተሳሳተው በእጁ ብቻ አይደለም፤ እጁ ወደ ፍሬው ሳይዘረጋ ልቡ አስቀድሞ ተታልሏል። ቍስሉ ካለበት ስፍራ መድኀኒቱ ካልደረሰ ሕመምተኛው እንዴት ይድናል? ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ኤጲስ ቆጶሳት የአቡሊናርዮስን ወገኖች አወገዙ። ቤተ ክርስቲያንም ወልደ እግዚአብሔር ፍጹም ሥጋን ከለባዊት ነፍስ ጋራ እንደ ተዋሐደ ታምናለች።

ወንጌልም ይህን ይመሰክራል። ጌታ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እጅግ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው፤ ኀዘን የሰው ነፍስ ነውና። በመስቀልም ላይ ነፍሱን ለአባቱ አደራ ሰጠ። ነፍሱ ከሥጋው በተለየች ጊዜ መለኮቱ ከነፍሱም ከሥጋውም አልተለየም። ነፍሱ በሲኦል ለታሰሩት ነፃነትን ሰበከች፤ ሥጋውም በመቃብር ሳለ መበስበስን አላየም። በሦስተኛው ቀን ነፍሱና ሥጋው ተዋሕደው ተነሣ። ለሰው ልጅ የተነፋው እውነተኛው የኢዮቤልዩ መለከት ይህ ነው።

ታዲያ እስከ ትንሣኤ ቀን ድረስ ነፍስ ከሥጋዋ ተለይታ ስትቆይ ዝምድናቸው ይጠፋልን? አይጠፋም። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ፥ ወንድሙ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ በብርቱ ኀዘን ሆኖ ወደ እኅቱ ወደ ማክሪና እንደ ሄደ፥ እርሷንም በሞት አልጋ ላይ እንዳገኛት ይናገራል። ማክሪና ያረፈችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ379 ዓ.ም. ነው። አስተማሪው ኤጲስ ቆጶስ ሲያለቅስ፥ ልታርፍ የተቃረበችው እኅቱ አስተማሪ ሆነችለት። እርሷ ከሰጠችው ምሳሌ አንዱ የሸክላ ዕቃ ነው። ብዙ ሸክላዎች ተሰብረው ስባሪያቸው ቢደባለቅ፥ ባለቤቱ የእንስራውን ከድስቱ፥ የድስቱን ከገንቦው ለይቶ ያውቃል። እንደዚሁ ነፍስ የኖረችበትን ሥጋ፥ ወደ አፈር ቢመለስም እንኳ፥ ታውቀዋለች። ባለቤቷ እግዚአብሔር ደግሞ ሁለቱን ያውቃልና አንዱን ከሌላው አያሳስትም።

ፍርድም በሁለቱ ላይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ባለጸጋ የአትክልት ቦታውን ለዕውርና ለአንካሳ አደራ ሰጥቶ ሄደ። አንካሳው በዕውሩ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እየመራው ፍሬውን ለቅመው በሉ። ጌታቸው በጠየቃቸው ጊዜ ዕውሩ፥ «እኔ የት አይቼ?» አለ፤ አንካሳውም፥ «እኔ በምን እግሬ ሄጄ?» አለ። ጌታቸውም አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ በአንድነት ፈረደባቸው። ሥጋ በነፍስ፥ ነፍስም በሥጋ ማመካኘት አትችልም። «ልቤ ንጹሕ ነው» እያለ እጁ የሚበድል ሰው፥ «ጾሜን ጾሜአለሁ» እያለ በልቡ ቂም የሚይዝ ሰው፥ ሁለቱም ያንን ዕውርና ያንን አንካሳ ይመስላሉ።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን በ50ው ዓመት ውስጥ የተፈጸመው አገልግሎት ሁሉ ይህንኑ ትምህርት ሲመሰክር ኖሯል። ሕፃን ሲጠመቅ ውሃው የሚነካው ሥጋውን ነው፤ የሚወለደው ግን መላው ሰው ነው። ሜሮን የሚቀባው በሥጋ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ የሚያድረው ግን በነፍስም ነው። ቅዱስ ቍርባን በአፍ ይገባል፤ የኀጢአትን ስርየት ለነፍስ፥ የትንሣኤን ተስፋ ለሥጋ ይሰጣል። ጾም ሆድን ይገታል፥ ልብንም ያነቃል። ሰውም በሞተ ጊዜ ሬሳው እንደ ተራ ነገር አይጣልም። ታጥቦ ይገነዛል፤ መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል፤ ዕጣን ይታጠንለታል፤ በቤተ ክርስቲያኑም ቅጥር ይቀበራል። ሥጋ ከንቱ አፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕጣን ለምን ይታጠን ነበር? ካህኑ የሚያጥነው ትናንት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ የነበረውን፥ ነገም የሚነሣውን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት አንድ ግዴታ ይከተላል። የባልንጀራውን ነፍስ እወዳለሁ የሚል ሰው ረኃቡን አይቶ ሊያልፍ አይችልም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተራቈተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን በቃል ብቻ ማሰናበት እንደማይጠቅም አስተምሯል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ፍርድ ቀን ሲናገር፥ የሚጠይቀው ስለ እንጀራ፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ልብስና ስለ ማደሪያ ነው፤ እነዚህም ሁሉ የሥጋ ነገሮች ናቸው። ደግሞ ድኻውን አብልቶ፥ አልብሶ፥ ነገር ግን እንደ ነፍስ አልባ የሚያየው፥ ስሙን የማይጠይቀው፥ ከጸሎቱ የማያገባው፥ እርሱም ሰውን በግማሹ ብቻ ወድዷል።

ይልቁንም በደብሩ ዘመድ የሌለው እንግዳ ወይም ጧሪ ያጣች ባልቴት ያረፈች እንደ ሆነ፥ የምእመናን ሃይማኖት የሚፈተነው በዚያ ሰዓት ነው። ለባለጸጋው ሕዝቡ ሳይጠራ ይመጣል። ለዚያች ባልቴት ግን መግነዝ የሚገዛላት፥ ጕድጓድ የሚቈፍርላት፥ በፍትሐቷ የሚቆምላት ያስፈልጋታል። ያንን የሚያደርግ ሰው ከሟቹ ወሮታ አይጠብቅም፤ ከዘመዱም ምስጋና አያገኝም። እርሱ ትንሣኤ ሙታንን የሚመሰክረው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጁ ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ሰው በደብሩ ሲበዛ፥ ቤተ ክርስቲያኑ በጕልላቱ ከሚከብረው ይበልጥ በርሱ ይከብራል።

በመጀመሪያ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በመጨረሻው መለከት ወደ ርስቱ የሚመለሰው ሰው መላው ሰው ነው። ነፍስ ወደ ሥጋዋ፥ ሥጋም ወደ ነፍሱ፥ ሁለቱም ወደ ፈጣሪያቸው ይመለሳሉ። በዚህ ቅጥር ውስጥ ያረፉት አባቶችና እናቶች፥ ቤቱን የሠሩትም፥ የቀደሱበትም፥ ያስቀደሱበትም፥ ያንን መለከት ይጠብቃሉ። በሕይወት ያሉትም እስከዚያ ቀን ድረስ ነፍሳቸውን በንስሓ፥ ሥጋቸውን በንጽሕና፥ ባልንጀራቸውን በሁለቱም ይጠብቁ።

ያረፉትን ነፍሳት እግዚአብሔር ይማር፤ በሕይወት ያሉትን ይጠብቅ፤ ይህችንም ቤተ ክርስቲያን ለልጅ ልጅ ያቈያት። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።