በፈቃዱ ስለሚያገለግል የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ፤ በመተማ ቆላ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ማኅበራዊ ሥራ ስለሚባለው ትምህርትና ይህን ትምህርት የሚማር ወጣት ያለ ደመወዝ፥ በፈቃዱ ስለሚያደርገው አገልግሎት ነው። ይህን ነገር በእናንተ አገር መናገር የሚገባበት ምክንያት አለው። መተማ የአገር በር ናት። በበር የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ከሚያልፈውም መካከል የሚወድቅ አለ፤ የወደቀውን የሚያነሣ ካልተገኘም ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሳይኖር ይቀበራል።

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከጎንደርም ደጋ እጅግ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ፥ ለማሽላና ለጥጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ቋራ ይወርዳል። ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል አይታገሥም፤ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሠራተኛውን ያጣድፋል፤ ሠራተኛውም በዋልካው መሬት ላይ ወይም በግራር ሥር ያድራል። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ደግሞ ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ይህች ዝንብ እንደ ቢንቢ ድምፅ አታሰማምና የተኛው ሰው መነደፉን አያውቅም። በሽታውም ቶሎ አይገድልም። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ በሽተኛው ወባ መስሎት የወባ መድኃኒት ይውጣል፥ ነገር ግን አይሻለውም። ሳይታከም የቀረ ሰው ከሞት የሚያመልጠው በጭንቅ ነው፤ የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ለ17 ቀን መውሰድ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለቀን ዋጋ የወረደውን፥ በአጠገቡ ዘመድ የሌለውን ልጅ 17 ቀን ሙሉ ማን ያስታምመዋል? ያልተከፈለውን ዋጋ ከባለ እርሻው ማን ይቀበልለታል? ለእናቱስ ማን ይልክላታል? ሐኪሙ መርፌውን ይወጋል እንጂ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለውም። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ቦታው ይህ ነው።

ይህ ሥራ በውጭ አገር የተስፋፋበትን ዘመን ባሰብሁ ቍጥር አንድ ነገር ይደንቀኛል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚሁ በመተማ ጦርነት ቈስለው ሞቱ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ጄን አዳምስ የምትባል አሜሪካዊት ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በቺካጎ ከተማ ኸል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፈተች። የባለጠጋ ልጅ ነበረች፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ ምጽዋት መስጠት አልበቃትምና ከአውሮጳ በመጡ ድኾች ሠራተኞች መካከል ቤት ይዛ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ከተሠራው ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው የሠፈሩን ሰው በየቤቱ ጠይቀው፥ ከየት አገር እንደ መጣና በሳምንት ምን ያህል እንደሚያገኝ ጽፈው፥ በካርታ አድርገው ማሳተማቸውን ነው፤ ይህም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ወጣ። ለድኻ የሚያዝን ብዙ ነው፤ ድኻውን በስሙ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. ገደማ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም በየገጠሩ ከተማ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተሰማራ። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቱ ግን በዚያው ዘመን ተዘግቶ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይህን ትምህርት ይሰጣል። ይህ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነበረና፥ ከመቅሠፍት የተወለደ ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በትእዛዝ የሄደና በፈቃዱ የሄደ ግን አንድ አይደሉም። የታዘዘው ቀኑን ይቈጥራል። ዛሬም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ሁለት ሳምንት ሠርቶ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ አለ፤ የእርሱንም ሥራ አልነቅፍም፥ የድኻ ቤት ክዳን አድሷልና። ለዚህ አገር ግን አይበቃም። በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ፥ ከጎንደር የሚመጣውን ተማሪ መጠበቅ ብቻ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ የሚያገለግለው ልጅ ከእናንተው መካከል መገኘት አለበት።

መምህራን ሆይ፤ ለዚህ ትምህርት የሚሆነውን ልጅ ስትፈልጉ ማርኩን ብቻ አትመልከቱ። አባቱ ለአጨዳ ወርዶ በዚሁ የቀረ ልጅ የሠራተኛውን ኑሮ ሳይነገረው ያውቃል። ጉሙዝኛና አማርኛ የምትናገር ልጅ፥ ሐኪሙ የማይገባበት ቤት ትገባለች። በገበያ ዐረብኛ የለመደም እንዲሁ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዚህ በር የተሻገሩት ሰዎች ብዙዎቹ አማርኛ አያውቁም ነበር። እንጀራና ውሃ የሚሰጥ ቢገኝም ልጄ ጠፋብኝ የምትለውን እናት ቃል የሚሰማ ያስፈልግ ነበር። ይህንም ልጨምር፤ ጉሙዙን በንቀት ስም የሚጠራ ወጣት ምንም ያህል ቢማር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያን ስም የሚማረው ደግሞ ከእኛ ከአዋቂዎች አፍ ነው።

ሽማግሎች ሆይ፤ ያለ ደመወዝ ማለት ያለ እንጀራ ማለት አይደለም። የድኻ ልጅ በባዶ ሆዱ ሊያገለግል አይችልም፤ ማደሪያና ምግብ ካላገኘ በፈቃድ ማገልገል የባለጠጋ ልጆች ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደቦና ወንፈል የምታውቁ ሰዎች ይህ አይከብዳችሁም፤ ለደቦ የመጣን ሰው ሳያበላ የሚያሰናብት የለምና። ዕድራችን ለአባሉ ነው፥ መጻተኛን ለማስታመም የወጣ ሕግ የለንም የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን መጻተኛው ሲሞት ሳትቀብሩት አትቀሩም፤ ለመቅበሪያው የምታወጡትን ጥቂት አስቀድማችሁ ለመዳኛው ብታውሉት ሕጋችሁ የሚፈርስ አይመስለኝም።

ተማሪው ይጀምርበት ዘንድ በየትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ ይቀመጥ። በእርሱም የሠራተኛው ስም ከነአባቱ፥ የተወለደበት ቀበሌ፥ ቢታመም የሚነገረው ዘመድ፥ የሚሠራበት እርሻና የባለቤቱ ስም፥ ሥራ የጀመረበትም ቀን ይጻፍ። ይህ ቀን በዋጋ ክርክር ጊዜ ምስክር ይሆናል። የበሽታውን ዓይነት ግን በዚህ መዝገብ አትጻፉ። ካላ አዛር ከያዛቸው መካከል ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ አለና፥ ምስጢሩ በሐኪም ቤት ይቅር። አንዱ መምህር ቍልፉን ይያዝ፤ ከሽማግሎች አንዱ በየሳምንቱ ይመልከተው። የአረም ሠራተኛ በሐምሌ መግባት ይጀምራልና መዝገቡ በሰኔ ይሰናዳ።