ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?

(በወርኃዊ የአባላት ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ስልክ ነው። «ስልክ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ለሥራ ወደ ሪያድ ስሄድ እንደዚያ ነበር የማስበው። ስለ ቋንቋው፣ ስለ ምግብ አሠራሩ ብዙ ጠይቄአለሁ፤ ስለ ስልክ ግን አንድም ነገር አልጠየቅሁም።

እንደደረስሁ ማዳም በራሷ ስም የወጣ ሲም ካርድ ሰጠችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የእኔ ኢቃማ ገና ስላልወጣ ነው። ኢቃማዬ ሲወጣ «አሁን በስሜ ላውጣ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ኢሞውንም ዋትስአፑንም በዚያው ቁጥር ከፍቼ ኖርሁ። የቤተሰቤንም ቁጥር የመዘገብሁት እዚያው ሲሙ ላይ ነበር።

ከዓመት በላይ ሠርቼ ወደ ሌላ ቤት ስዛወር ማዳም ሲሟን ወሰደች። በስሟ ነውና ምን እላለሁ? ቁጥሮቹ ሁሉ አብረው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሠራተኛ በዚያ ቁጥር ኢሞና ዋትስአፕ ስትከፍት የእኔው ተዘጋ። ወንድሜ የሚልከው መልእክት ለማላውቃት ሴት ይደርስ ጀመር። አምስት ወር እንዲህ ሆነን ቆየን። እናቴ መጀመሪያ ተቀየመችኝ፣ ቀጥላ ፈራች፣ በመጨረሻም ስለት ተሳለች።

የእናቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም ነበር፤ ስሟን ነክቼ ነበር የምደውለው። በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ በሩ ላይ በቀለም የጻፈውን። እሱንም ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ያገኘኋት የጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ የጅማ ልጅ ናት፣ «ዜሮውን ተይና በፊቱ የመደመር ምልክትና 251 አድርጊበት» አለችኝ። በአንድ ጊዜ ገባ! ባለ ሱቁ ስልኩን እንደያዘ እናቴ ቤት ሮጠ። ያን ዕለት አልተነጋገርንም፤ የሞላሁት ሂሳብ በለቅሶ አለቀ።

እህቶቼ፣ እኔ በአምስት ወር የተማርሁትን እናንተ ዛሬ በነጻ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ቢያንስ ሦስት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ከውጭ ስትደውሉ 09 ወይም 07 ብላችሁ አትጀምሩም፤ የመደመር ምልክት፣ 251፣ ከዚያ ያለ ዜሮው 9 ወይም 7 ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ቁጥሮቹን በወረቀትም ጽፋችሁ ከልብሳችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይወሰዳል፣ ባትሪም ያልቃል።

ሁለተኛ፣ መታወቂያችሁ እንደወጣ ሲሙን በስማችሁ አውጡ። በሳውዲ ሲም የሚመዘገበው በኢቃማ ቁጥርና በጣት አሻራ ነው። ከባንክና ከአብሸር የሚመጣው የማረጋገጫ መልእክት በዚያ ቁጥር ይደርሳል። ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ ጉዳያችሁም በሌላ ሰው እጅ ነው።

ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ሲማችሁን አትጣሉት። ቴሌብርና የባንክ ሂሳባችሁ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ። ሮሚንግ ግን ውድ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ዳታውንም አጥፉት። «ለታናሽ እህቴ ትቼላት ልሂድ» የምትል ካለች ደግሞ ትወቅ፤ ሲሙን የያዘ ሰው የሚስጥር ኮዱም ይደርሰዋል።

አራተኛ፣ በስልክ የተላከላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ፤ ዘመድ ነኝ ቢልም፣ ከኤጀንሲ ነኝ ቢልም። ለቤተሰባችሁም ንገሩ፤ በስማችሁ «ተቸግሬአለሁ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ድምፃችሁን ሳይሰሙ እንዳይልኩ።

አምስተኛ፣ የምትሄዱበትን አገር ጠባይ እወቁ። በዱባይ ለምሳሌ የዋትስአፕ ጥሪ ሲዘጋ የኖረ ነው፤ ብዙዎች የሚደውሉት በቦቲም ነው። ቤተሰብ ይህን ካላወቀ «ለምን አትደውልም?» ብሎ ይጨነቃል። የፖሊስ ቁጥርንም ያዙ፤ በኤምሬትስ 999፣ በኩዌት 112 ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየሳምንቱ ለቁጠባ ስንሰበሰብ፣ ለመሄድ የተነሣች ልጅ ካለች መካከላችን ቆማ ሦስቱን ቁጥሮች በቃሏ ትበልልን። ከተሳሳተች እናርማት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ትድገመው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ደጋፊዎቻችንም በሚረዱን የጉዞ ቅድመ ዝግጅት ሥልጠና ላይ ይህችን ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩልን ደስ ይለናል።

ያቺን የጅማ ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። ስሟን አልጠየቅሁም፤ ስልኳንም አልተቀበልሁም። ባለችበት እግዚአብሔር ይጠብቃት።