መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረው ገጽ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮምፒውተር ጥናት ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር

ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ኮምፒውተር ጥናት ቡድናችን፣ ስለምናነባቸው አዳዲስ መጻሕፍትና ወደፊት ስላሰብናቸው ዝግጅቶች ነው። ከመጻሕፍቱ በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን መናገር አለብን፤ ቡድኑ የተወለደው ከዚያ ጥፋት ነውና። ብዙዎቻችሁ ነገሩን በወሬ ሰምታችሁታል። ዛሬ ከራሳችን አንደበት ስሙት።

እኛ የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች በኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅን ነን። ኤክሴል ተምረናል፤ ተፈትነንም አልፈናል። ስለዚህ የቁጠባና ብድር መዝገባችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ሲባል «ቀላል ነው» አልን። ሥራውን የጀመርነው በጳጉሜን ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ የብድር ክፍያ ቀነ ገደብ የጳጉሜን መጨረሻ ስለነበር፣ በእነዚያ ቀናት የከፈሉትን የአራት እናቶች ክፍያ ከነቀኑ አስገባን። በደብተር እንደለመድነው መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን በእዝባር እየለየን ጻፍን። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር ናትና ጳጉሜን 3 «3/13» ሆነች።

መስከረም ላይ ኮምፒውተሩን «የአሥራ ሦስተኛው ወር ክፍያ ስንት ነው?» ብለን በቀመር ጠየቅነው። ዜሮ አለን። ክፍያውን ያስገባችው አንዷ፣ ዝርዝሩን ያወጣችው ሌላዋ ነበረች። ደረሰኙን ማመሳከር ይገባን ነበር፤ አላመሳከርንም። አራቱን ስሞች «ውዝፍ ያለባቸው» ብለን በስብሰባ ፊት አነበብን፤ በደንቡ መሠረትም መቀጫ ተጣለባቸው። ሦስቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከፈሉ።

አራተኛዋ እናታችን ግን በማግስቱ ደብተራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቢሮ መጡ። «ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። የከፈልኩበትን ቀን ግን አውቃለሁ። ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ደብተሬን እንዳያረጥብብኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የመጣሁት» አሉን። ደብተራቸውን ስንገልጠው ጳጉሜን 3 ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑም የራሳችን ፊርማ አለ።

ያን ዕለት እስኪመሽ ቁጭ ብለን ፈተሽን። ነገሩ እንዲህ ነው። ለኤክሴል ቀን ማለት ቁጥር ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥረው። የሚያውቀው የፈረንጆቹን አሥራ ሁለት ወር ነው። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ በአሜሪካኖች አጻጻፍ የተዘጋጀ ስለነበር ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል። «3/13» ስንለው ማርች 13 ብሎ ተቀበለን። በዚህ ዓይነት ጳጉሜን 1 ጃንዋሪ 13፣ ጳጉሜን 2 ፌብሩዋሪ 13 እያለ ጳጉሜን 5 ሜይ 13 ላይ ይደርሳል። አምስቷ የጳጉሜን ቀናት በአምስት ወር ላይ ተበተኑ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስህተቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ያው የጻፍነው ነው፤ የተለወጠው ኮምፒውተሩ የተረዳው ነገር ነው።

መቀጫውን መለስን። ይቅርታውንም ስማቸው በተነበበበት ስብሰባ ፊት ጠየቅን። ዝም ብለው ከከፈሉት እናቶች አንዷን ለምን እንዳልተናገሩ ስንጠይቃቸው፣ «ኮምፒውተር ይሳሳታል ብዬ መች አሰብኩ! የረሳሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው እንጂ» አሉን። እህቶቻችን፣ ከሁሉም ያመመን ይህ ነው። ገንዘብ ይመለሳል። ሰው የገዛ ራሱን ትውስታ መጠራጠር ከጀመረ ግን በምን ይመለሳል? አባላት መዝገቡን መጠየቅ ከፈሩ ማኅበሩ የእነሱ መሆኑ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ወደ መጽሐፍ ሮጥን። የኮሌጅ መጽሐፋችንን ገለጥን፤ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ስለ ጳጉሜን ግን አንድ መስመር የለውም። አይፈረድበትም፤ ጸሐፊው ጳጉሜንን አያውቃትም። የዚያን ጊዜ የገባን ነገር ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ነው፦ መጽሐፍ የሚያስፈልገንን ግማሹን ይሰጠናል። ሌላውን ግማሽ የሚጽፈው አብሮ ተቀምጦ የሚጠያየቅ ሰው ነው።

ይህ ሐሳብ በእኛ አልተጀመረም። የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ቡድን የሚባለው ነገር ረጅም ዕድሜ አለው። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ሼር የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ስሙ ራሱ መካፈል ማለት ነው፤ አንዱ የሠራውን ፕሮግራም ሌላው እንደገና በመሥራት እንዳይደክም ይካፈሉ ነበር። ማርች 5 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ሠላሳ ያህል ሰዎች በአንድ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው ቡድን የተጀመረው ያን ዕለት ነው። ያወቁትን ይነጋገሩ፣ የሠሩትን እያመጡ ያሳዩ ነበር፤ እንደዚህ እንደ እኛም ዜና መጽሔት ነበራቸው። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ከዚያ ቡድን የወጣ ሰው ነው።

በኋላም እንደ ኦራይሊ ያሉ የቴክኒክ መጻሕፍት አሳታሚዎች አዳዲስ መጻሕፍትን ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ይልኩ ነበር፤ አባላቱ አንብበው አስተያየታቸውን በየመጽሔታቸው ያወጣሉ። እኛ ይህን ስናነብ ሳቅን። ቡና አፍልቶ ጎረቤት ጠርቶ መጠያየቅን፣ ዕቁብና ዕድርን ለእኛ ማን ያስተምረናል? የጎደለን ኮምፒውተሩን ወደዚያ ቡና ላይ ማምጣት ብቻ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። መጽሐፍ ስንመርጥ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል ወይ? መብራት ሲጠፋ እንድናነበው ማተም ይፈቀዳል ወይ? አንብበን በማግስቱ በሥራችን ላይ እንሞክረዋለን ወይ?

የመጀመሪያው የሊብሬኦፊስ መመሪያ ነው። ሊብሬኦፊስ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ እንደ ኤክሴል የሚሠራ ካልክ የሚባል ክፍል ያለው ፕሮግራም ነው። ካልክ ጋይድ የተባለውን መመሪያ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው በነፃ አቅርበውታል፤ ማተምም ማባዛትም ይፈቀዳል። እኛ ሁሉንም አላተምንም። ስለ መደመር፣ ስለ መደርደርና ስለ ማጣራት የሚያወሩትን ምዕራፎች ብቻ አትመን በቢሮው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናል። እንግሊዝኛው ለከበዳት አባል በየገጹ ኅዳግ ላይ በአማርኛ በእርሳስ ጽፈንበታል።

ሁለተኛው የአል ስዋይጋርት መጽሐፍ ነው፤ «አውቶሜት ዘ ቦሪንግ ስተፍ ዊዝ ፓይተን» ይባላል። አሰልቺውን ሥራ ለማሽኑ ተዉለት እንደማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ደራሲው ማንም ሰው በኢንተርኔት ላይ በነፃ እንዲያነበው ፈቅዷል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ምንም ለማያውቅ ሰው ከሀ ጀምሮ ያስተምራል። ለእኛ የጠቀመን የኤክሴል ፋይል በፕሮግራም ስለማንበብ የሚናገረው ምዕራፍ ነው። ሦስት ሆነን፣ አንዷ ጮክ ብላ እያነበበች፣ አንዷ እየጻፈች፣ አንዷ ስህተት እየፈለገች፣ ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብን ጨረስነው።

ከዚያ የወጣውን ፍሬ እንንገራችሁ። በመጀመሪያ የቀን አጻጻፋችንን ለወጥን። ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ዛሬ በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በተራ ቁጥር ይጻፋሉ። እዝባር የለም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ቀን መስሎት የሚቀይረው ነገር የለም። ቀጥሎ መዝገቡን መስመር በመስመር የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ወሩ ከ13 ከበለጠ ይጮኻል። ቀኑ ከ30 ከበለጠ ይጮኻል። ወሩ 13 ሆኖ ቀኑ ከ5 ከበለጠም ይጮኻል።

ይህን በኩራት ለቡድኑ ስናሳይ፣ በክርክሩ ያሸነፉን ያቺው የሩፋኤል እናታችን ከወንበራቸው ሆነው «ዘመነ ሉቃስ ሲሆንስ?» አሉን። ዝም አልን። እሳቸውም ቀጠሉ፦ ዓመቱን ለአራት ስታካፍሉት ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ያን ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ፕሮግራሙን በዚያው አረምነው። እሳቸው ኪቦርድ ነክተው አያውቁም፤ ኮምፒውተራችንን ጳጉሜንን ያስተማሩት ግን እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረውን ገጽ ያጻፉን እሳቸው ናቸው። ያንን ገጽ በአማርኛ አትመን መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር አኑረነዋል። የሌላ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኞች ከፈለጉ መጥተው ይቅዱት።

ስለ ዝግጅቶች ሁለት ሐሳብ አለን። በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛ ቅዳሜ የሶፍትዌር ነፃነት ቀን የሚባል በዓል በብዙ አገሮች ይከበራል፤ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞችን ሕዝቡ እንዲያውቃቸው የሚደረግ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም መጀመሪያ አካባቢ፣ በዘመን መለወጫና በመስቀል መካከል ይውላል። በዚያ ቀን በራችንን ከፍተን ሊብሬኦፊስን ለሰፈሩ ሴቶችና ለዕድር ጸሐፊዎች ማሳየት እንፈልጋለን።

ሁለተኛው የጃንጎ ገርልስ ዓይነት የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ይህ በ2014 እ.ኤ.አ. በበርሊን በሁለት ወጣት ሴቶች የተጀመረ፣ ሴቶች በነፃ ፕሮግራም መጻፍ የሚሞክሩበት ዝግጅት ነው። መማሪያ ጽሑፉም በነፃ ይገኛል። የወደድነው አሠራሩን ነው፦ ለሦስት ተማሪ አንድ አስተማሪ። ሃምሳ ሰው ፊት እጇን አውጥታ መጠየቅ የምታፍር ሴት፣ ሦስት ሆና ስትቀመጥ ትጠይቃለች። እናቶቻችን ለምን ዝም ብለው እንደከፈሉ ስናስብ ይህ አሠራር ለእኛ እንደተፈጠረ ተሰማን። የአባላት ልጆች የሆኑ ተማሪዎችን በዚህ መንገድ ለመጀመር አስበናል።

ለለጋሾቻችን አንድ ቃል አለን። የሰጣችሁን ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ እናመሰግናለን። ያን ስህተት ስንሠራ ግን ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ደህና ነበሩ። ስለዚህ ዘንድሮ የምንጠይቃችሁ ሌላ ኮምፒውተር አይደለም። ለማተሚያ ወረቀትና ቀለም፣ ለኢንተርኔት ካርድ፣ በጥናቱ ሰዓት ሕፃናት ለምትይዝልን አንዲት ሴት የሚከፈል አበል እንጠይቃችኋለን። እነዚህ ለፎቶግራፍ አያምሩም። እናቶች ልጆቻቸውን አስቀምጠው መምጣት የሚችሉት ግን በእነዚህ ነው።

ለእናንተ ለአባላት ደግሞ ልመናችን ይህ ነው። ጥናቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡናም አለ። ኮምፒውተር አለማወቅ አይከለክላችሁም። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ስማችሁ ያለበትን መስመር አሳዩን በሉ፤ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ነገር ካያችሁ «የረሳሁት እኔ ነኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ጠይቁን፤ ካልገባችሁም ደግማችሁ ጠይቁን። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አባቶች። እኛ በዲፕሎማ የተመረቅነው የተማርነው ከጠየቁን እናት ነው።