ሽንኩርት በረከሰ ጊዜ ቁሌት አዘጋጅቶ ስለ መጠቀም
(ለአዊ ዞን ገበሬዎችና እመቤቶች የተሰጠ የባልትና ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለ ነገር ነው፤ ይኸውም ቁሌት ነው። «ቁሌትማ ማን የማያውቅ አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሽንኩርት በረከሰበት ወራት ብዙ አቁላልቶ ለመጠቀምና ለመሸጥ ሲታሰብ፥ ለአንድ ቀን ወጥ ከሚደረገው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥንቃቄው ከጎደለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ ጤናን ይጎዳል።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ ገበሬዎች በበጋ ከጉድጓድ ውኃ እየቀዱ ሽንኩርት ያለማሉ። በጎረቤታችን በሜጫ ወረዳም 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ ግድብ አለ። በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት ባንድ ሰሞን የደረሰ እንደሆነ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ገበሬውም እንዳይበሰብስበት ፈርቶ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ ሽንኩርት ለወጡ ከገበያ ይገዛል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ምርታችሁን በሦስት ክፈሉት። አንገቱ በደንብ የደረቀውንና ቁስል የሌለበትን ለማቆየት ለዩት። እርሱንም ነፋስ በሚገባበት ጥላ ከ7 እስከ 10 ቀን ካሰጣችሁ በኋላ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ አኑሩት። አንገቱ ወፍራም የሆነውንና ማጎንቆል የጀመረውን ቶሎ ሽጡት ወይም ብሉት። ሲነቀል በመቆፈሪያ የተቆረጠውን ግን በዚያው ቀን ለቁሌት አድርጉት። የበሰበሰው ለምንም አይሆንም፤ የሸተተ ሽንኩርት በእሳት አይታደስም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለ3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት የሚያስፈልገው 2 ብርጭቆ የኑግ ዘይት፥ 1 ብርጭቆ ተኩል በርበሬ፥ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርት፥ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ነው። በርበሬው ሻጋታ ያልነካው ይሁን። የሻገተ በርበሬ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙም በመቁላላት አይጠፋም።

1ኛ፤ ሽንኩርቱን ልጣችሁና አጥባችሁ በደቃቁ ክተፉት። አከታተፉ እኩል ይሁን፤ አለዚያ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል።

2ኛ፤ ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ወይም በሸክላ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ጣዱት። እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን። ከመቶው እጅ 89 ያህሉ ውኃ ስለሆነ ሽንኩርቱ በገዛ ውኃው ይበስላል። ታቹን ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። ይህ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ የሚያስለቅሰው ኃይሉ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ጣፋጭነትም ይገለጣል። እሳቱን አንድዶ ማቻኮል ግን ስኳሩን አሳርሮ ቁሌቱን መራራ ያደርገዋል።

3ኛ፤ ውኃው መጥጦ ሽንኩርቱ ሲጠቁር ዘይቱን ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል አቁላሉት። ከዚያም የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አግቡበት።

4ኛ፤ በርበሬውን በመጨረሻ ጨምሩ። በርበሬ ቶሎ ስለሚያር፥ አስቀድሞ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረግለት። ቀለሙና መዓዛው ወደ ዘይቱ እስኪገባ ድረስ እያማሰላችሁ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሉት። ውኃው አልቆ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው። ጨውንም ያን ጊዜ ጨምሩ። በዘይት የተሠራው ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፤ ቅቤ የሚፈልግ ሰው ወጡን ሲሠራ ይጨምር።

ይህን የመሰለ ሥራ በሌላ ሀገርም አለ። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት፥ በሰናፍጭ ፍሬና በበርበሬ በዝግታ ያበስሉታል፤ ሁመር ወይም ሮቃ የሚባለውን ጎምዛዛ ፍሬ ጭማቂም ይጨምሩበታል። ስሙንም «ቬንጋያ ቶኩ» ይሉታል፤ ከሩዝ ጋር ይበሉታል። እኛም የሎሚ ጭማቂ ብንጨምር ጣዕሙ ያምራል። ነገር ግን ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ይጨመር፤ ጎምዛዛ ነገር የአሉሚኒየም ድስትን ይበላልና።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ስለ ከሰል ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ እየተከሉ ከሰል የሚያከስሉ ብዙዎች ስለሆኑ ከሰል በአካባቢያችን አይጠፋም። ለዝግታ ሥራም ይመቻል። ነገር ግን የእንጅባራ ብርድ አስጨንቋችሁ በር ዘግታችሁ በከሰል ስታቁላሉ አትገኙ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ አይታይም፥ አይሸትም፤ ሰውን ግን ይገድላል። በርና መስኮት ይከፈት፤ ከተቻለም ማድቤት ውጭ ይሁን።

ሁለተኛው ስለ ማስቀመጥ ነው። ቁሌትን በጠርሙስ አሽጎ ከላይ ዘይት አፍስሶ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለወራት ማኖር ክልክል ነው። አየር በሌለበትና ዘይት በሸፈነው ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሐዋሲ ያድጋል። የዚህ ተሐዋሲ ዘር በተራ ፍላት አይሞትም። ይልቁንም በእንጅባራ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ምግቡ ሳይሸትና ጣዕሙ ሳይለወጥ ሰውን ሊገድል ይችላል። ሎሚ ጨምሬበታለሁ ብላችሁም አትመኑ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለዛሬና ለነገ የሚበቃውን ብቻ ያቁላላ፤ የነገውንም እንደገና በደንብ አፍልቶ ይብላ። ማቀዝቀዣ ያለው ቁሌቱን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ቶሎ ያብርደውና እስከ 4 ቀን ይጠቀምበት። ለመሸጥ የሚፈልግ አስቀድሞ ከምግብ ቤት ጋር ተነጋግሮ፥ የታዘዘውን ያህል ሠርቶ በዚያው ቀን ያስረክብ።

ለክረምት የሚቆየውን ግን ከማቁላላት ማድረቅ ይሻላል። ሽንኩርቱን በስሱ ቆራርጣችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ወንፊት ላይ በፀሐይ አስጡት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ማታ ማታም አስገቡት። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ያን ጊዜ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ክደኑት። ከ10 ኪሎ ጥሬ ሽንኩርት 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይገኛል። በክረምትም በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ታቁላሉታላችሁ።

በመጨረሻ ሒሳቡን አትርሱ። የሽንኩርቱን፥ የዘይቱን፥ የበርበሬውንና የከሰሉን ዋጋ በመዝገብ ጻፉ። ከድስቱ አጠገብ ሁለት ሰዓት ቆማ ያማሰለችውን ሴት ድካምም አብራችሁ ቁጠሩት። የእርሷ ጉልበት በነጻ ተቆጥሮ የተገኘ ትርፍ ትርፍ አይባልም። ሒሳቡ ካላዋጣ ሽንኩርቱን አድርቁት፤ ካዋጣ ግን ገንዘቡ ለደከመችበት ይድረሳት።