ከአሜሪካ ስለ ተላከችልን የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስለ ተቃጠለው ቻርጀር
(በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ ንብረት አያያዝ እንድንናገር ታዝዘናል። የድንኳኑንና የወንበሩን ነገር ከሒሳብ ሪፖርቱ ስለምታገኙት እሱን ትተን ስለ ብስክሌቷ እንናገራለን። ብዙ ወሬ ስለ ተወራባት እውነቱን ከእኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

እንደምታውቁት ጡሩምባ ነፊያችን ከእህል በረንዳ ተነሥቶ በሰባተኛ፣ በአማኑኤል፣ በአብነት ሲዞር እግሩ አልቋል። ስልክ አለ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን ሌሊት ስልኩን ዘግቶ የሚተኛው ስንቱ ነው! ይኸንን የሰማ አሜሪካ የሚኖር የአንድ አባላችን ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከቤት ዕቃ ጋር በኮንቴይነር በመርከብ ላከልን። በመንገደኛ እጅ በአውሮፕላን እንዳይልካት ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ አይፈቀድም፤ የእርሷ 360 ነው።

በመጣችበት ማታ የቻርጀሩ ስፒና ጠፍጣፋ የአሜሪካ ስለሆነ ሶኬታችን አልቀበል አለው። እኛም ከመርካቶ አዳፕተር ገዝተን ሰካነው። ጧ! አለ፤ ቀጥሎ የላስቲክ ሽታ መጣ፤ የዕቃ ቤቱም መብራት ድርግም አለ። ከግድግዳው ወዲያ የጤፍና የስንዴ ጆንያ መደርደሩን ስናስብ ጉልበታችን ራደ።

ኋላ እንደ ተረዳነው የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ። ኤዲሰን በ1882 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ላይ በ110 ቮልት ስለ ጀመረ እነሱ በዚያው ለመዱ፤ አውሮፓ ግን ወደ 220 ወጣ፤ እኛም የአውሮፓውን ያዝን። እንግዲህ እኛ የሠራነው 50 ኪሎ የለመደ ተሸካሚ ላይ ኩንታል መጫን ነበር። አዳፕተሩ ደግሞ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ጆንያውን ለወጥን እንጂ ክብደቱን አልቀነስንም።

ብስክሌቷ ሞታለች ብለን ወደ ምናለሽ ተራ ልንወስዳት ስንል አንድ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ «ኧረ ተዉ፣ አባቶቼ!» አለን። ባትሪው ከግድግዳው መብራት ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ መካከል ላይ ያለው ቻርጀሩ ነው። ለክቶ ባትሪው ደኅና መሆኑን አሳየን። ከዚያም በተቃጠለው ቻርጀር ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሕፈት አነበበልን። መግቢያው 120 ብቻ ይላል። 100–240፣ 50/60 ቢል ኖሮ ምንም ባልሆነ። ይህችን ለማንበብ መነጽር ብናደርግ ይበቃን ነበር።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስቀድመን ብንገዛ ያገለግል ነበር። ቻርጀሩ የሚሰጠው 42 ቮልት በ2 አምፔር ማለት 84 ዋት ስለሆነ የ200 ዋቱ ይበቃል። የፍሪጅ ስታብላይዘር ግን የ110 መውጫ ከሌለው አይረዳም። አሁን ቻርጀሩ ከተቃጠለ ወዲያ ሌላ ቻርጀር ፍለጋ ወጣን። ያገኘነው የመጀመሪያው መግቢያው ትክክል ነበር፤ መሰኪያውም ልክ ገባ። ደስ ብሎን ልንከፍል ስንል ልጁ እጃችንን ያዘ፤ መውጫው 54.6 ቮልት ነው፣ ያ ለ48 ቮልት ባትሪ ነው፣ የኛ ባለ 36 ሲሞላ 42 ላይ ማቆም አለበት፣ ካለፈ ሊቀጣጠል ይችላል አለን። የፊተኛው ስሕተታችን ቻርጀር አቃጠለ፤ ይኸኛው ግን ተራውን ሊያነድ ይችል ነበር። በሌላ ቀን ባለ 42ቱን አግኝተን ገዛን።

«ኮሚቴው በዕድሩ ገንዘብ ብስክሌት ገዛ» ያላችሁ አባሎች ስሙን፤ ብስክሌቷ ስጦታ ናት። የቻርጀሩንም ዋጋ ሳናነብ የሰካነው እኛ ስለሆንን ከኪሳችን ከፍለናል፤ ደረሰኙን ጸሐፊው ዘንድ ማየት ይቻላል።

ከእንግዲህ ባትሪው የሚሞላው ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከድንኳኑና ከጆንያው ርቆ በሲሚንቶው ወለል ላይ ነው፤ ማታ ቻርጀሩ ይነቀላል። ልጆቻችሁ ከውጭ ዕቃ ሊልኩላችሁ ሲሉ በጀርባው ያለውን ጽሕፈት አስቀድመው በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ፤ ልጁ ያነብላችኋል፤ ለዚህ ገንዘብ አልጠይቅም ብሏል። ጡሩምባ ነፊያችንም ባለፈው ለቅሶ የአማኑኤልን ዳገት ሳያልከው ወጥቷል፤ ቁልቁለቱን ግን አሁንም ወርዶ እየገፋት ነው።