ከመጋረጃው ጀርባ፦ የአንድ የመጽሐፍ ሠዓሊ ጉዞና ምንጮቹ



በቅድሚያ ስለ ግብዣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የጠየቃችሁኝ ስለ ሥዕል በጠቅላላው ሳይሆን ስለ መጽሐፍ ሥዕል በመሆኑ ምስጋናዬ እጥፍ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉምና። በሸራ ላይ የሚሥል ሰው ለሥዕሉ ብቸኛ ጌታ ነው። የመጽሐፍ ሠዓሊ ግን ከጎኑ ምንጊዜም ቃል ተቀምጧል፤ ከቃሉ ቀድሞ እንዳይሮጥ፣ ከኋላውም እየተጎተተ የተባለውን ብቻ እንዳይደግም መጠንቀቅ አለበት። ለሕፃናት መጻሕፍት በመሣል ካሳለፍኋቸው ዓመታት የቀሰምሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የተወለድሁት በጎንደር አካባቢ ነው። ሥዕልን መጀመሪያ ያየሁት በቤተ ክርስቲያን እንደ አብዛኛው የሀገሬ ልጅ ነው። እንደምታውቁት በብዙ አድባራት የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል። ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም፤ መጋረጃው ሲገለጥ ብቻ ይታያል። ሕፃን ሳለሁ ይህ ትዕግሥቴን ይፈታተነው ነበር። ሙያውን ከያዝሁ በኋላ ግን ከዚያ መጋረጃ የተማርሁትን ያህል ከማንም አልተማርሁም። የመጽሐፍ ገጽ መጋረጃ ነው። ልጁ በቀኝ ገጽ ላይ «በሩን ከፈተችው፤» የሚለውን አንብቦ ቅጠሉን እስኪገልጥ ድረስ ያለችው አንዲት ትንፋሽ የሠዓሊው ትልቋ ሀብት ናት። ከበሩ በስተጀርባ ያለውን በዚያው ገጽ ላይ የሚሥል ሰው ሀብቱን በከንቱ በተነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ ብራና ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በተማርሁበት ዘመን፣ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነበር። እዚያ ሥዕሎቹን ብቻ ሳይሆን የገጹን አሠራር አጠና ነበር። ጸሐፊው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ካዘጋጀ በኋላ ቀለም ከመንከሩ በፊት በወስፌ እየወጋ መሥመሩን ያሰምራል። የዓምዱን ስፋት፣ የኅዳጉን መጠን፣ ሥዕሉ የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ይወስናል። ጥቁሩን ለንባቡ፣ ቀዩን ለመነሻውና ለቅዱሳን ስም ይለያል። ዛሬ በኮምፒዩተር «የገጽ ቅንብር» የምንለው ሥራ በዚያች ወስፌ ጫፍ ላይ ነበረ። አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ለሥዕል የተተወው ቦታ ሳይሣልበት ቀርቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ባዶ ገጽ ባየሁ ቁጥር ለሥዕል የታሰበለትን ክብር አያለሁ፤ ቃሉ ተጠጋግቶ ቦታ ለቅቆለታልና።

በገጹ ራስ ላይ እየተጠላለፈ የሚወርደውን ጌጥ አባቶቻችን «ሐረግ» ይሉታል። ሐረግ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው፤ የዘር ቆጠራም ሐረግ ይባላል፤ የሰዋስው መምህራንም የተያያዙ ቃላትን ሐረግ ይሏቸዋል። ጌጡ፣ ትውልዱና ንግግሩ በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኔ የሙያዬ መመሪያ ሆኖኛል። በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ጌጥ ከንግግሩ ጋር ካልተያያዘና ከአንድ ዘር ካልተወለደ በገጹ ላይ ትርፍ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄ ላንሣ፦ «ከውጭ መዋስ የራስን ማጣት አይደለምን?» ይላሉ። መልሱን ከታሪካችን እንፈልገው። ከዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሬዲዮ ካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት በሥዕል ያጌጡ ወንጌሎች መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። ሥዕላቸው ግን ብቻውን የበቀለ አይደለም፤ በዚያን ዘመን በሜድትራንያን ዙሪያ ከነበረው ጥበብ ጋር ይወያያል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ፣ በሮም በ1591 እ.ኤ.አ. የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ወደ ሀገራችን ገብቶ ነበር። በውስጡ ያሉት በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ቀለም አልነበራቸውም። የጎንደር ሠዓልያን የሰዎቹን አቋቋምና የትዕይንቱን አደራደር ወሰዱ፤ ጥላውንና ርቀቱን ተዉት፤ በምትኩ የራሳቸውን ጠንካራ የዳር መሥመርና ደማቅ ቀለም ሰጡት። ዛሬ «የመጀመሪያው የጎንደር ስልት» ብለን የምንኮራበት ሥዕል ከዚህ ውይይት ብዙ አትርፏል። እንግዲህ ሠዓሊው የሚጠየቀው መዋሱን አይደለም፤ በተዋሰው ላይ የጨመረውን ነው። እስክንድር ቦጎሲያንም በፓሪስ ከዘመናዊው ጥበብ ጋር ሲገናኝ የጠልሰሙን ዓይንና የብራናውን ምልክት ይዞ ነበር፤ ሁለቱም በሥራው ውስጥ ሳይጨፈለቁ ኖረዋል።

ዓይንን ካነሣሁ ዘንድ ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። በነባሩ የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኖቹ ይታያል፤ ክፉው፣ ከሓዲው፣ ጠላቱ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። የዓድዋን ጦርነት ሥዕሎች ተመልከቱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ ሆኖ፣ የሀገራችን ሰዎች በሁለት ዓይን፣ የጠላት ወታደሮች በአንድ ዓይን ተሰልፈዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በቅጽበት ያነባል። ይህ እጅግ የተራቀቀ ቋንቋ ነው። የተራቀቀ በመሆኑም አደገኛ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ተመልካቹ ከማሰቡ በፊት ነውና።

ይህን በተግባር የተረዳሁት አንድ አሳታሚ የተረት መጽሐፍ እንድሥል በሰጠኝ ጊዜ ነው። በተረቱ ውስጥ ቀን ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው አለ። ተረቱ የቆየ ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። እኔ ግን ጽሑፉን ሳነብ ያሰብሁት መጽሐፉ የሚደርስበትን ክፍል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የብረት ሠሪ ልጅ ይኖራል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ይኖራል፤ የቆዳ አልፊ ልጅ ይኖራል። መምህሩ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ሥዕሉን ሲያሳይ የልጆቹ ዓይን ሁሉ ከሥዕሉ ወደ እርሱ ይዞራል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ አዋጁ ያልደረሰበት ቦታ ግን ተረቱ ይደርሳል፤ ሥዕሉ ደግሞ ከተረቱም ይቀድማል።

ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልን ማን ነው? ያ ሁሉ የምንኮራበት ብራናስ ያለ ፋቂ ከየት ይመጣል? በአንድ አፋችን «ብራና ፋቂ» ብለን አክብረን፣ በዚያው አፋችን «ፋቂ» ብለን እንሰድባለን። ለአሳታሚው ያቀረብሁት ሐሳብ ሁለት ነበር፤ ወይ ክፉው ሰው ሙያ አይኑረው፣ ወይ ብረት ሠሪው በሁለት ዓይን ይሣልና አንባቢው ራሱ ይፍረድ። «ተረት አይታረምም፤» ተባልሁ። ሥራውን መለስሁ፤ ክፍያውም አብሮት ሄደ፤ መጽሐፉ በሌላ ሠዓሊ እጅ ወጣ። በዚያ ዓመት ያ ገንዘብ ለቤቴ ቀላል አልነበረም።

አሳታሚው ያነሣው ክርክር ግን ባዶ አይደለም፤ እናንተም ተመራማሪዎች ስለሆናችሁ በቁም ነገር ልትመረምሩት ይገባል። ነባሩን ተረት እንደ ተነገረ መዝግቦ ማቆየት የምሁር ግዴታ ነው። በጥናት መጽሐፍ ውስጥ ከማብራሪያ ጋር ቢታተም ተቃውሞ የለኝም። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የግርጌ ማስታወሻ አያነብም። ለእርሱ ማብራሪያው ሥዕሉ ነው። ስለዚህ መዝገብን መጠበቅና ልጅን ማሳደግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱን ሥራ በሌላው ስም መሥራት ሁለቱንም ይጎዳል።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር ቀላል ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ እርሳስ ሳልይዝ አነበዋለሁ። በሁለተኛው ንባብ ቃሉ ራሱ አሟልቶ የነገረኝን ቦታ ምልክት አድርጌ እተወዋለሁ፤ እዚያ ሥዕል አያስፈልግም። በሦስተኛው ንባብ በገጹ ላይ ያለ እያንዳንዱን ሰው «የማን ልጅ ሊያየው ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድን ሰው በአንድ ዓይን የምሥለው፣ ፊቱን ያዞረው በራሱ ሥራ እንደሆነ ከጽሑፉ ማሳየት ስችል ብቻ ነው። በተወለደበት ወገን ወይም በያዘው ሙያ የማንንም ፊት አላዞርም።

ውድ ተማሪዎች፤ የፈጠራ ምንጭን ከሩቅ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ወደ ተቋሙ ቤተ መዘክር ሂዱና አንድ የብራና መጽሐፍ ፊት ለፊት ቁሙ። ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት የወስፌውን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፤ ቆዳውን ማን እንደፋቀው ጠይቁ። በገጹ ላይ ስሙ ተጽፎ አታገኙትም። እርሱን በሁለት ዓይን የሚሥለው ሠዓሊ ግን ከእናንተ መካከል ሊወጣ ይችላል።