የወንዝ ጤና የሚታወቅበት መንገድ



«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የነገርን ሥር ለማግኘት ሽምግልና አለ። የውኃ ጥሩነት ግን በምን ይታወቃል? ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶ የጠራውን ጥሩ፥ የደፈረሰውን ክፉ ይለዋል። ዓይን ግን በውኃ ነገር ይታለላል። በበጋ ኩልል ብሎ የሚፈስሰው ውኃ ከላይ የታጠበውን ሳሙና፥ በበርበሬውና በጫቱ ማሳ የተረጨውንም የተባይ መድኃኒት ይዞ ሊወርድ ይችላልና።

ይህ ነገር ለጉራጌ አገር ታላቅ ጉዳይ ነው። ከተራራው በቡታጅራ በኩል የወረደው ውኃ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በወልቂጤ በኩል የወረደው ደግሞ በዋቤ ወንዝ ሄዶ ከግቤ ይቀላቀልና፥ ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ከሁለቱ አንዱም ባሕር አይደርስም። ስለዚህ በመንደር ጅረት የተጣለ ነገር ከመንገድ ቢተርፍ በሐይቅ ውስጥ ይከማቻል።

ስለ ወንዝ ጤና የታመኑ ምስክሮች በድንጋይ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የዚያችን ሰዓት ብቻ ይናገራል፤ እነርሱ ግን ሳምንትና ወር በውኃው ውስጥ ስለሚቈዩ ያለፈውን ይመሰክራሉ። ቆሻሻ በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን አየር ይጨርሳል። ያን ጊዜ ብዙ አየር የሚሹት አስቀድመው ይጠፋሉ፤ ጥቂት አየር የሚበቃቸው ግን ይበዛሉ። በጀርመን አገር ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉ ሊቃውንት በዚህ ሕግ ዕፀዋቱን በ1908፥ እንስሳቱን በ1909 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መድበው ጻፉ። የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች እንስሳት ግን ከአውሮፓ ስለሚለዩ፥ አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ ለአገሩ የሚስማማ መለኪያ አዘጋጅተው በ2015 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሳተሙ።

ላይኛውን ከታችኛው ማስተያየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተዋል። በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ አስተዋሉ። ከዚህም እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ታወቀ።

የመንደር መምህርም ይህን ምርመራ በወንፊት፥ በነጭ ሳሕንና በደብተር ሊሠራው ይችላል። ጊዜው ጎርፍ ካለፈ በኋላ፥ በኅዳርና በየካቲት ይሁን። ሦስት ቦታ ይምረጥ፤ አንዱ ከመንደሩ በላይ፥ አንዱ በመንደሩ፥ አንዱም ከመንደሩ በታች። በየቦታው ዐሥር ዐሥር ድንጋይ አንሥቶ በሳሕኑ ላይ ይጠብ፤ ወንፊቱንም ከታች ይዞ ከፊቱ ያለውን ጠጠር ያናውጥ። ከዚያ በኋላ የተገኙትን በየዓይነታቸው ይቍጠር።

በሆዳቸው ግራና ቀኝ መተንፈሻ፥ በጅራታቸውም በኩል ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክሮች ያሏቸው፥ እንዲሁም ከአሸዋና ከጭራሮ ትንንሽ ቤት ሠርተው የሚኖሩት በየዓይነቱ ቢገኙ፥ ወንዙ ጤነኛ ነው። እንደ ደም የቀሉ ትሎች ብቻ በዝተው ቢገኙ ግን ወንዙ ታሟል፤ እነርሱ በደማቸው አየር መያዝ ስለሚችሉ ሌላው ሲሞት ይተርፋሉና። በቍጥር ብዙ መሆን አያታልል፤ የሚመዘነው የዓይነቱ ብዛት ነው። ከላይ ዐሥር ዓይነት ተገኝቶ ከታች ሦስት ቢቀር፥ ጥፋቱ በመካከል ባለው ስፍራ ይፈለጋል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። መጀመሪያ፥ ቀንድ አውጣ በበዛበትና ቀስ ብሎ በሚፈስስ ውኃ ሕፃናት እንዳይገቡ መምህሩ ይከልክል። ሁለተኛ፥ እንስሳቱ ጤነኛ ናቸው ማለት ውኃው ይጠጣ ማለት አይደለም፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያን በዓይን አይታዩምና ውኃው ሳይፈላ አይጠጣ።

ምርመራው የመምህሩና የተማሪዎቹ ሥራ ሲሆን፥ ፈውሱ የሽማግሎች ነው። የጉራጌ ሰው ጀፎረውን፥ ይኸውም በመንደሩ መካከል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር ሜዳ፥ ማንም አጥሩን እንዳይገፋበት ሲያስከብር ኖሯል። በሰባት ቤት ጉራጌም የጆካ ሸንጎ ሕግ አለ። ለጀፎረው የታሰበው ለወንዙም ዳር ሊታሰብ ይገባል። በወንዙ ዳር ሣሩና የአገሩ ዛፍ ይተው፤ ባሕር ዛፍ ከወንዙ ርቆ ይተከል፤ ከብት የሚጠጣበት ቦታ ሰው ከሚቀዳበት በታች ይወሰን፤ ልብስና መኪና በውኃው ውስጥ አይታጠብ፤ መፀዳጃ ቤት ከወንዙ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

በየዓመቱ በዚያው ወር፥ በዚያው ቦታ የተቈጠረው በደብተር ተጽፎ በሽማግሎች ጉባኤ ይነበብ። ከታች የጠፉት እንስሳት ከዓመት ዓመት ቢመለሱ፥ ሽማግሎቹ ያወጡት ደንብ እንደ ሠራ ይታወቃል፤ ባይመለሱም የጐደለው ሳይዘገይ ይፈለጋል።